የአርባ ደቂቃው ርክክብ

ሸዋንግዛው ሲወለድ ወላጆቹ ሸዋን ይገዛል ብለው ስም አወጡለት፤ እሱ ግን አሰብ ላይ አንድ የበረዶ ፋብሪካ እንኳ አልገዛ ብሎት ሁለት ዓመት ፍዳውን አየ።

ፋብሪካው ከወደቡ ጀርባ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። አንድ ትልቅ ኮምፕረሰር ሌት ተቀን እያለከለከ አሞኒያ የሚባለውን ጋዝ ይገፋል፤ ኮምፕረሰሩን በጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ የሚዞር የውሃ ፖምፓ ያበርደዋል፤ ጋዙ የጨው ውሃ ያቀዘቅዛል፤ በጨው ውሃው ውስጥ በተነከሩት የቆርቆሮ ሣጥኖች ያለው ንጹሕ ውሃ ደግሞ በረዶ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ዓሣ አጥማጁ ከበይሉልና ከራሔይታ በጀልባ ይመጣል፤ ሆስፒታሉ ሰው ይልካል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የጭነት መኪና ሹፌር አንድ ቁራጭ በጆንያ ጠቅልሎ ከረዳቱ እግር ሥር ያስቀምጣል። ኮምፕረሰሩ የቆመ ቀን ግን ዓሣው ይገማል፣ ሹፌሩ ይሳደባል፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ክንፈ ግንባራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። በወር ውስጥ ሰባት ስምንት ጊዜ ግንባራቸውን ይይዙ ነበር። አሰብ በሰኔ ያለ በረዶ እንዴት እንደምትውል የዋለባት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሸዋንግዛው የተላከው ይህን እንዲያስተካክል ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቶ አንድ ጠርሙስ ፋብሪካ ሲሠራ ሥራን በሰዓት መለካት፣ በወረቀት መመዝገብና የሚደናቀፍበትን ቦታ ፈልጎ ማቃናት ተማረ፤ ተምሮም ወደደው። ሩጫ የሚለካበት ዓይነት ሰዓት በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ሰው በረዶ ሲጎትት ይለካዋል፣ በርሜል ሲያንከባልል ይለካዋል፣ ሽንት ቤት ሄዶ ሲመለስም ይለካዋል ተብሎ ተወራበት። ሠራተኞቹ «ባለ ሰዓቱ» አሉት፤ ስሙን ሲሰማ ደስ አለው እንጂ አልከፋውም።

ትጋቱ ሁሉ ለበረዶ ፍቅር አልነበረም። ደሴ ላይ ዓለምዘውድ የምትባል የስፌት መምህርት አለችው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ቢልክም አባቷ ባሻ መርሻ ሁለቴም አንድ ቃል መለሱለት፦ «ቋሚ ሥራና የራሱ ጣራ የሌለው ሰው ልጄን በረሃ አያወርድብኝም።» ሸዋንግዛው ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው፤ የሚያድረውም ከሁለት ጸሐፊዎች ጋር በአንድ ክፍል ተዳብሎ ነው። ለዓለምዘውድ ግን በየሁለት ሳምንቱ ይጽፍላታል። ሙቀቱ የሚወራውን ያህል አይደለም፤ ቤት ሊሰጠኝ ነው፤ ቤቱ ሁለት ክፍልና የጣራ ቬንትሌተር አለው፤ ሥራው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ ሁሉም ደህና ነው። ቤቱ እውነትም አለ፤ የፋብሪካው ግቢ ጥግ ላይ ተቆልፎ ቋሚ የቴክኒክ ኃላፊ ይጠብቃል። ቬንትሌተሩንም በመስኮት አጮልቆ አይቶታል።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰ። ፋብሪካው እስከ ሰኔ ሠላሳ ባለው ጊዜ ውስጥ ሠላሳ ቀን በተከታታይ ሳያቋርጥ ከሠራ ሸዋንግዛው ቋሚ ኃላፊ ይሆናል፤ ቤቱም የእሱ ነው። ካልሆነ ጉዳዩ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይታያል። አቶ ክንፈ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡለትና «እንግዲህ ልጄ፣ ሚስትህ ያለችው ኮምፕረሰሩ ውስጥ ነው» አሉት።

ሸዋንግዛው አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ቀኖቹን ወደ ጎን፣ ሦስቱን ተረኞች ወደ ታች አሰመረ። ኮምፕረሰሩ በቆመ ቁጥር በዚያ ሰዓት ተረኛ በነበረው ሰው መስመር ላይ በቀይ እርሳስ አንድ ነጥብ ያደርጋል። ሁመድ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ይሠራል፤ ለቸሩ ያስረክባል። ቸሩ ምሽት ላይ ለጉግሳ፣ ጉግሳ በማግሥቱ ጧት መልሶ ለሁመድ። ሁለት ወር አለፈ። የጉግሳና የሁመድ መስመር ኩፍኝ እንደ ያዘው ልጅ ቀልቶ፣ የቸሩ መስመር እንደ ነጠላ ነጭ ሆኖ ተገኘ።

ቸሩ ወረቀቱ ፊት መቆም አበዛ። «ማሽን እንደ በቅሎ ነው፣ መሐንዲስ» ይላል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፤ «ጌታዋን ታውቃለች። እኔ ስደርስ ትረጋጋለች።» ሸዋንግዛውም አመነው። ቁጥር አይዋሽማ!

ጥፋተኛውን ለማግኘትም ብዙ አልደከመም። ሁመድ የበይሉል አፋር ነው፤ ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ለመራመድም ለመናገርም የማይቸኩል ሰው። አማርኛውን ከሹፌሮች ስለ ተማረ ሰው ሁሉ ለእሱ «አንተ» ነው፤ ሥራ አስኪያጁ እንኳ «አንተ ክንፈ» ናቸው። ይህ ሁመድ ቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቸሩ ሲመጣ «ደህና ዋል» ብሎ አይሄድም። ሰሌን አንጥፎ ያስቀምጠዋል፤ ውሃ ያጠጣዋል፤ ራሱም ፊት ለፊቱ ይቀመጥና ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምርለታል።

«ሦስት ሰዓት ላይ ዘይቱን አየሁ። ከመስመሩ በታች አንድ ጣት ወርዷል። ጨመርኩ። አምስት ሰዓት ላይ የፖምፓው ቺንጋ ሲንጫጫ ሰማሁ። ሰማሁ እንጂ አላየሁም፤ በረዶ እያወጣሁ ነበር። ዘበኛው ‹ላልቷል› አለኝ። እሱ አይቷል፣ እኔ አላየሁም።»

«እሺ ሁመድ፣ ገብቶኛል፣ ልነሳ?»

«ቁጭ በል። ገና አምስት ሰዓት ላይ ነን።»

ነገሩ የአፋሮች ልማድ ነው፤ ዳጉ ይሉታል። መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ ቁጭ ይልና ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ፣ ከማን እንደ ሰማውም ጭምር ሳያስቀር ለባልንጀራው ይነግራል። የሰማውን አየሁ ያለ ሰው ሁለተኛ አይታመንም። ሁመድ ለግመል፣ ለዝናብና ለግጦሽ የተበጀውን ወግ ኮምፕረሰር ላይ አዋለው፤ ሸዋንግዛው ደግሞ በሰዓቱ ለካው። አርባ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ። ቸሩ ለጉግሳ ሲያስረክብም ሄዶ ለካ።

«እንዴት አመሸህ ጉግሳ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ዋልክ? ቤት ደህና? ልጆች ደህና? ከመንዝ ወሬ አለ?»

«ይመስገን፣ ሁሉም ደህና። ያንተስ?»

«ይመስገን። ማሽኑስ?»

«ደህና ነው፣ ይመስገን።»

አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ። ሸዋንግዛው ደብተሩ ላይ «እጅግ ጥሩ» ብሎ ጻፈ።

ግንቦት ሲብት ማሻሻያው ወጣ። ርክክብ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ደወል ይደወላል፤ ወሬ ቀርቶ ወረቀት ይሞላል። ዘይት ደህና፣ ቺንጋ ደህና፣ ፖምፓ ደህና፣ ከየአንዳንዱ ፊት ለፊት ምልክት ማድረጊያ ትንሽ ሣጥን። ሁመድ ወረቀቱን ከፊትም ከኋላም አገላብጦ አየው።

«ይህ ወረቀት አይጠይቅም» አለ።

«ምኑን?»

«ቸሩ ይጠይቀኛል። ይሰለቸዋል፣ ግን ይጠይቀኛል። ወረቀቱ ዝም ይላል።»

«ጥቅሙ እኮ እሱ ነው፣ ሁመድ» አለ ሸዋንግዛው፤ በሰጠው መልስም ረካ። ሁመድ ትከሻውን ነቅንቆ ሰሌኑን ጠቀለለ። ቸሩ ከሁሉም በላይ ተደሰተ፤ በየቀኑ ከሚደርስበት የአርባ ደቂቃ ስብከት ነፃ ወጣ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ማሻሻያው በወጣ በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የፖምፓው ቺንጋ ተበጠሰ፤ በቸሩ ነጭ መስመር ላይ የመጀመሪያው ቀይ ነጥብ አረፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ነጥቡ አምስት ደረሰ፤ የሌሎቹም ቢሆን አልቀነሰ። ቸሩ ወረቀቱ ፊት መቆም ተወ። «ዓይን ነው» አለ። «ነጭ መስመሬን ሰው አይቶብኝ ነው። ፈቃድ ስጠኝና ጠበል ልሂድ።»

ሸዋንግዛው ፈቃድ ከልክሎት ራሱ ወረቀቱ ፊት ተተከለ። ወደ ሰኔ ሊገባ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ ዓለምዘውድ በቀይ ነጥብ መሐል ስትርቅ ታየችው። ነጥቦቹን በጣቱ እየተከተለ ቆየ። ቸሩ ያው ቸሩ ነው፤ ማሽኑም ያው ማሽን። የተለወጠው ቸሩ ከመጀመሩ በፊት ያለው አርባ ደቂቃ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠለት። ቀይ ነጥቡ የሚያርፈው ያጠፋው ሰው ላይ ሳይሆን ያልተነገረው ሰው ላይ ነው! የቸሩ ንጣት የሁመድ ሥራ ነበር። የሁመድ ቅላት የጉግሳ ዝምታ፣ የጉግሳ ቅላት የቸሩ «ይመስገን» ነበር። እሱ ባለ ሰዓቱ ደግሞ በፋብሪካው ውስጥ በትክክል የሚሠራውን አንድ ነገር ለይቶ አግኝቶ፣ ለክቶ፣ አጠፋው።

ጉግሳን ጠርቶ ጠየቀው። ጉግሳ ቅን ሰው ነው፣ ዲያቆን የነበረ፤ ሰው ማስቀየም ሞት ነው ለእሱ።

«ባለፈው ማክሰኞ ፖምፓው ሌሊቱን ሲያፈስ እንዳደረ አይተሃል?»

«አይቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ጧት ለሁመድ ለምን አልነገርከውም?»

«ሰውየው ገና ከቤቱ መምጣቱ እኮ ነው፣ ጌታዬ። ላቡን እንኳ አልጠረገም። መርዶ እንኳ ሰው ከበላ ከጠጣ በኋላ ነው የሚነገረው።»

«መቼ ልትነግረው አስበህ ነበር?»

ጉግሳ አሰበ። «ራሱ ያየዋል ብዬ ነው» አለ።

የተረኞቹን መዝገብ ቢያገላብጠው የዓመት ተኩሉ ገጽ ሁሉ አንድ ቃል ነው፦ «ደህና»። አንዱ ገጽ ላይ በቸሩ የእጅ ጽሑፍ «ሁሉም ደህና ነው፤ ቺንጋው ተበጥሷል» ይላል። ሸዋንግዛው ከት ብሎ ሳቀ። ኪሱ ውስጥ ግን ለዓለምዘውድ የጀመረው ደብዳቤ ነበረና ሳቁ ረጅም አልሄደለትም።

ሁመድን ያገኘው ከሥራ ሲወጣ ነው። ይቅርታ መጠየቅ አልለመደበትም፤ ስለዚህ ሰዓቱን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና «ሰሌኑን መልሰህ አምጣው» አለው።

ሁመድ ፈገግ አለ። «ሰዓትህ ሞተ?»

«አልሞተም። የሚለካው አጥቶ ነው። ይልቅ አስተምረኝ። ስትነግረው የምታየው ምንድን ነው?»

«ዓይኑን ነው የማየው። ዓይኑ ከሄደ አልሰማም። ‹ምን አልኩ?› እለዋለሁ። ካልመለሰ እንደገና እነግረዋለሁ። አንተ ደቂቃ ትቆጥራለህ፤ እኔ የገባውን እቆጥራለሁ።»

«መጥፎ ነገር መንገር አይከብድህም?»

«መንገዱ ላይ አንበሳ ካለ» አለ ሁመድ፣ «ሰላምታው እስኪያልቅ አንበሳው ይጠብቃል?»

ሁለተኛው ማሻሻያ የተጻፈው በዚያው ሰሞን ነው፤ ግማሹ የሁመድ ነው። ሁለቱም ሰዎች ይቀመጣሉ። መጪው ውሃ ይጠጣል። ሂያጁ መጥፎውን ያስቀድማል፤ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የማላውቀው እያለ ይለያል። መጪው የሰማውን መልሶ ይናገራል። ደወሉ ተነቅሎ ተጣለ። ለይሉኝታ ደግሞ ሸዋንግዛው ራሱ አንድ መድኃኒት ፈለሰፈላት፤ ሂያጁ ቢያንስ አንድ መጥፎ ነገር ሳይናገር ከግቢ አይወጣም።

የመጀመሪያው ሳምንት ትርኢት ነበር። ጉግሳ ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ቆቡን እያሻሸ፣ «መጥፎ እንኳ አይባልም፤ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ዘይቱ…» ይልና ይዋጥበታል። ሁመድ «በል አውጣው!» ይለዋል፣ እሾህ እንደሚያስወጣ። ማሽኑ ምንም ያልሆነበት ጧት ጉግሳ ባዶ እጁን እንዳይወጣ ተጨንቆ «ከባለቤቴ ጋር ተኳርፌአለሁ» አለ። ሁመድም ከዚያ ነገር ውስጥ ያየውን ከሰማው በጥንቃቄ ለየለት። ባልና ሚስቱ በማግሥቱ ታረቁ።

ሰኔ አንድ ቀን ቆጠራው ተጀመረ። ከሰኔ ሠላሳ በፊት ሌላ ሠላሳ ቀን አይገኝም፤ ያለው ይኸው ብቻ ነው። አንዱ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። የላላው ቺንጋ ሳይበጠስ ይጠብቃል፣ የሚያፈሰው ሳያፈስ ይታሰራል፣ ሁሉም ኮምፕረሰሩ እየሠራ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነ። ወሬው ከግቢው ወጣ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባቸው ሳይወርዱ «ስንት ደረሰ?» ይላሉ። ሹፌሮቹ «ደሴ ስንደርስ ለባሻ ምን እንበልልህ?» እያሉ ያሾፉበታል። ቸሩ እንኳ ነጭ መስመሩን ከሌሎቹ ጋር መጋራቱን ይቅር አለ። ሸዋንግዛው የተቆለፈውን ቤት መስኮት በቀን ሁለት ጊዜ ያያል፤ አልጋው የት እንደሚሆን ወስኗል።

ሃያ ስምንተኛው ቀን ጧት፣ ገና ፀሐይዋ ባሕሩን እንደ ለቀቀች፣ ርክክቡን ሊያይ መጣ። ጉግሳና ሁመድ ሰሌኑ ላይ ተቀምጠዋል። ጉግሳ ሸዋንግዛውን ሲያይ ደነገጠና አንገቱን ደፋ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ እዚህ ባይቆሙ ይሻለኝ ነበር።»

«ተናገር፣ ጉግሳ።»

ጉግሳ ውሃውን ራሱ ጠጣው። «ያየሁት የለም። የሰማሁት ግን አለ። ሊነጋጋ ሲል ኮምፕረሰሩ ውስጥ ይንኳኳል። አንዴ መስሎኝ ተውኩት፤ ደገመው። የማላውቀው ደግሞ…» ቆቡን አሻሸ። «የማላውቀው ሦስት ቀን ይቆይልን እንደሆነ ነው።»

ሸዋንግዛው ረጅሙን ካቻቢቴ አመጣ። ጫፉን የሚርገበገበው ብረት ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ የለመደውን ማለክለክ ሰማ። ከሥሩ ግን አለ፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ቋ፣ ቋ የሚል። ባልሰማሁ ብሎ ተመኘ። ከልቡ ተመኘ። ሦስት ቀን! ሁለት ዓመት ጠብቆ ሦስት ቀን! ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። ጉግሳ ይረሳለታል፣ ቸሩ ይደሰትለታል፣ ምናልባት ማሽኑም ይታገሥለታል።

ምናልባት ካልታገሠ ደግሞ ያ የሚንኳኳው ብረት ተሰብሮ የኮምፕረሰሩን ሆድ ይቀደዋል፤ አሞኒያው ይፈሳል። አሞኒያ ዓይን ያሳውራል፣ ሳንባ ያቃጥላል፤ አጠገቡ የሚቆመው ደግሞ ተረኛው ነው። ሁመድ፣ ቸሩ፣ ጉግሳ። ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

«ሁመድ፣ አንተም ስማው።»

ሁመድ ሰማ። ቀና ብሎ የሸዋንግዛውን ፊት አየ። ሸዋንግዛው ሄዶ ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ታች ሳበው። ኮምፕረሰሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሶ ጸጥ አለ። ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ ያልተሰማ የባሕር ድምፅ ቤቱ ውስጥ ገባ።

ሲከፍቱት አንዱ ኩሽኔታ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ አንድ ሰዓት ይቆይ አንድ ወር ይቆይ ማንም ሊምል አይችልም። መለወጫው በዕቃ ቤት ነበረና ቸሩም ከቤቱ ተጠርቶ ሦስቱም ተረኞች አብረውት ሠሩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ከፈጀ ሥራ በኋላ ኮምፕረሰሩ እንደገና ማለክለክ ጀመረ።

አቶ ክንፈ ቀዩን እርሳስ ከእጁ ወሰዱበት። «ስማኝ ልጄ፣» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይህ ብልሽት አይደለም። የታቀደ ጽዳት ነው። ‹የታቀደ ጽዳት› ብለህ ጻፍ፤ እኔ እፈርማለሁ። እኔም ልጅ አለኝ፤ የባሻን ነገር ሰምቻለሁ።»

ከልባቸው ነው፤ ደግ ሰው ናቸው። ሸዋንግዛው ወረቀቱ ፊት ቆመ። እጁን ወደ እርሳሱ ዘረጋም። ዞር ሲል ግን ጉግሳ፣ ቸሩና ሁመድ እጃቸው በግራሶ እንደተለወሰ በሩ ላይ ቆመው የሚጽፈውን ይጠብቃሉ። ጉግሳ ዛሬ ጧት በዕድሜው ከባዱን ዓረፍተ ነገር ተናግሯል። እሱ አሁን «ደህና ነው» ብሎ ቢጽፍ ነገ ሰሌኑ ላይ ማን እውነት ይናገራል? እርሳሱን ለምኖ ተቀበለና ቀዩን ነጥብ አደረገ፤ ከጎኑም «በእኔ ትእዛዝ ቆመ፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» ብሎ ጻፈ። አቶ ክንፈ ግንባራቸውን ያዙ።

ሰኔ ሠላሳ ቀን ተቆጣጣሪው አቶ ተክለጻድቅ በአውሮፕላን መጡ። ወረቀቱን አዩ፣ ሰሌኑን አዩ፣ ርክክብ ተቀምጠው አዳመጡ። በወር ስምንት ጊዜ ይቆም የነበረ ፋብሪካ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በሰው እጅ ቆመ፤ ይህ ያስመሰግናል አሉ። አመሰገኑም። ደብዳቤው ግን «ሳያቋርጥ» ይላል፤ ደብዳቤ ደግሞ ደብዳቤ ነው፤ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይታያል። በበረዶ የታሸገ አንድ ትልቅ ዓሣ ይዘው በዚያው አውሮፕላን ተመለሱ።

ሸዋንግዛው ለዓለምዘውድ ሊጽፍ ሦስት ጊዜ ወረቀት ጀመረ። ሦስቱም ጊዜ እጁ በልማዱ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ጻፈ። አራተኛውን ትቶ የስልክ ቀጠሮ በቴሌግራም ላከላት። ሐምሌ አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ቤት ተቀመጠ። ስልከኛዋ ብርቅዬ መስመሩን ስትጎረጉር ቆይታ «ደሴ ገብታለች፣ ሦስት ደቂቃ አለህ» አለችው። ወረፋ የሚጠብቁት ሹፌሮች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ሃሎ! ዓለም!»

«ሸዋንግዛው! ደህና ነህ?»

አፉ ላይ የመጣውን «ይመስገን» ዋጠው። «አይደለሁም» አለ።

መስመሩ ተንጫጫ። እሱ ግን አንዴ ጀምሯልና ሁሉንም አወጣው። «ቋሚነቱ አልሆነም። ማሽኑን እኔው ራሴ አቆምኩት፤ ሦስት ቀን ሲቀረው። ቤቱም የለም። የማድረው ከሁለት ሰዎች ጋር ነው። ሙቀቱ የሚወራውን ያህል አይደለም ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ከሚወራው ይብሳል። ዛሬ አርባ ሁለት ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ይሳካ አይሳካ አላውቅም። አባባ አጠገብሽ አሉ?»

«ውጭ ናቸው፤ በር ላይ። ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም። ቬንትሌተሩን እኔ በመስኮት ነው ያየሁት፤ ይሠራ አይሠራ እንኳ…»

«ሸዋንግዛው!» አለች። ከድምፅዋ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየለትም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ቬንትሌተር ጻፍክልኝ። ሃምሳ ሁለት ደብዳቤ። ቆጥሬአቸዋለሁ። አንዱም ላይ ናፈቅሽኝ የሚል ቃል የለም።»

«ይታወቃል ብዬ ነው።»

«አይታወቅም።»

ወደ ኋላው ዞር አለ። ብርቅዬ መዝገቧ ላይ አቀርቅራለች። ሹፌሮቹ ጣራውን ያያሉ። ፊቱ ከአሰብ ፀሐይ በላይ ጋለ።

«ናፍቀሽኛል» አለ። መስመሩ ላይ ነፋስ አለፈና ያልሰማችው መስሎት ጮኸ። «ናፍቀሽኛል! ጧት ስነሳ ትናፍቂኛለሽ፤ ሥራ ላይ ትናፍቂኛለሽ። ብቻዬን ነኝ፣ ዓለም። ሰልችቶኛል።»

ሦስቱ ደቂቃ ካለቀ ቆይቷል፤ ብርቅዬ ሰዓቱን አይታ እንዳላየች ሆነች።

«አባባን ለእኔ ተዋቸው» አለች ዓለምዘውድ። «ይቆጣሉ፤ ከዚያ ይበርዳሉ። አንድ ክፍል ይገኛል?»

«አንድ ክፍል? ይገኛል። ግን ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ውሃውም…»

«ነገርከኝ እኮ። አሁን የምጠይቅህን መልስልኝ። አሸዋ ነው ድንጋይ?»

«ምኑ?»

«መሬቱ ነዋ! ምን ዓይነት ጫማ ልያዝ?»